ሽማግሌ በጀልባ

ባለፈው ሳምንት ዳንኤል ደወለልኝ። ዳንኤልን ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ነው የማውቀው፤ ዛሬ ግን ራሱ የተመለጠ የልጆች አባት ሆኗል። "ጋሽ ሰይፉ፣ ቅዳሜ ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው። ለልጄ ለሶልያና። እባክዎ አጠገቤ ይቀመጡልኝ" አለኝ። ድምፁን ለሰማ ሰው ሽማግሌ ሳይሆን ፖሊስ የሚመጣበት ነበር የሚመስለው። "እሺ ልጄ፣ እመጣለሁ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ጋቢዬን ፍለጋ ቁም ሣጥን ከፈትኩ። ጋቢውን ስስበው ከሥሩ ሌላ ነገር ተጎትቶ ወጣ፤ ብርቱካናማ ቀለሙ የነጣ፣ አንድ ማሰሪያው የተበጠሰ አሮጌ የጀልባ ላይፍ ጃኬት። አፍንጫዬ ላይ አስጠጋሁት። ይህ ሁሉ ዘመን አልፎም ናፍጣው፣ የራሰ ገመዱና የወንዝ ጭቃው ሽታ አልለቀቀውም። ባለቤቴ በበሩ ብቅ ብላ "ደግሞ ምንድን ነው የምታሸተው?" አለችኝ። "ሽምግልና" አልኳት። ሥቃ ተመለሰች፤ ታሪኩን ታውቀዋለች።

ዘመኑን በዓመተ ምህረት አልናገርም፤ በሌላ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ አሜሪካ ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ዶላር ብዙም የማይርቅበት፣ ቢፐር ወገቡ ላይ ያንጠለጠለ ሰው እንደ ባለሥልጣን የሚታይበት ዘመን ነበር። ቢፐሩ ሲጮህ ታክሲዬን አቁሜ ጆርጂያ አቬኑ ጥግ ላይ ካለው የሕዝብ ስልክ ሃያ አምስት ሳንቲም ከትቼ እደውላለሁ። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ሲልቨር ስፕሪንግ ያኔ ግማሹ ሱቅ መስኮቱን በጣውላ መትቶ የተዘጋ ነበር፤ እንጀራ የምንገዛው ከነዳጅ ማደያ ነው፤ ከሞተር ዘይቱ ጎን በላስቲክ ተጠቅልሎ ይደረደር ነበር። ሱፋችን ትከሻው በስፖንጅ የተነፋ፣ ቁልፉ ሁለት ረድፍ፣ ሱሪው ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ ነው። ከረቫታችን ሕፃን ይጠቀልላል። እኔ የምኖረው የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ አሌክሳንድርያ በምትባለው ከተማ ነበር፤ ታክሲ እነዳለሁ፣ የአንድ ድምፃዊ ካሴት እስኪቀጥን ድረስ አዳምጣለሁ። ልጆቼ አሁን የዚያን ዘመን ፎቶ ሲያዩ "ዳዲ፣ ዋት ኢዝ ዚስ?" እያሉ በሱፌ ይሥቃሉ። ይሣቁ። ያ ሱፍ ምን እንዳየ አያውቁም።

በዚያ ዘመን በእኛ ሰፈር ጤፍ እንኳ ሲፈለግ ይገኛል፤ የማይገኘው ሽማግሌ ነበር። አብዛኞቻችን ወጣት ሆነን ነው የመጣነው፤ የብዙዎቹ አባትና አጎት አገር ቤት ቀርተዋል። ጎረምሶቹ ለጋብቻ ሲደርሱ ማን ይላክ? ፀጉሩ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ከተገኘ ቅዳሜና እሑዱ ተያዘ ማለት ነው። እኔ አርባን ገና መሻገሬ ነበር። ነገር ግን ሽበት በእናቴ ወገን ቶሎ የሚመጣ በሽታ ስለሆነ ሳልደርስ ሽማግሌ ተደረግሁ። በሽምግልና ያልገባሁበት ሳሎን ከሪቨርዴል እስከ ሎረል አልነበረም ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ዳንኤል ያኔ ማታ ፓርኪንግ እየሠራ ቀን የሚማር ልጅ ነበር። የሚወዳት ልጅ ሜሮን ትባላለች፤ ግሪንቤልት አክስቷ ቤት ተቀምጣ ነርሲንግ ትማራለች። አባቷ አቶ በላቸው ደግሞ ከእኛ በጣም ወደ ደቡብ፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ኤልዛቤት ሲቲ በምትባል ትንሽ የውሃ ዳር ከተማ ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ ያስተምራሉ። ሜሮን ሕፃን ሳለች ነው ሚስታቸው የሞተችባቸው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሳያገቡ፣ ጸጉሯን ሳይቀር ራሳቸው እየሠሩ ብቻቸውን አሳደጓት። ዳንኤል አጎቱን ማስቸገር አፍሮ ሦስት ጓደኞቹን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። ልጆቹ መኪና ተከራይተው እየበረሩ ሄዱ። ከቀጠሮው አርፍደው ደረሱ። ገና ሰላምታ ሳያልቅ የአንዱ ቢፐር ጮኸ፣ ሌላው የማታ ሺፍት ስላለበት ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። አቶ በላቸው እስኪጨርሱ ሰምተው "እናንተ ፒዛ አድራሾች ናችሁ ሽማግሌ?" አሏቸው። "ለእኔ ሚስት ሦስት ቀን በበቅሎ ተሄዷል። የእኔን ልጅ በምሳ ሰዓት ብሬክ ልትወስዱ ነው?" ብለው በሩን አሳዩአቸው። ሜሮን ነገሩን ስትነግረን ዓይኗ አብጦ ነበር። "ዳዲ ኖ ካለ ኖ ነው። እኔ ደግሞ ያለ እሱ ምርቃት አላገባም፤ አይ ካንት" አለች። ዳንኤልም ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልዋጥለት ብሎ ሱሪው ከወገቡ ይወርድ ጀመር።

የዳንኤል አጎት ኮማንደር ታደሰ የድሮ የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ። ባሕር ኃይሉም ባሕሩም ከእጅ ወጥቶ፣ እሳቸው ሲልቨር ስፕሪንግ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ያስተዳድራሉ። መኪኖቹን ግን እንደ መርከብ ነበር የሚያስቆሟቸው፤ "ቀኝ! ቀኝ! አቁም!" ሲሉ አሜሪካኑ ሁሉ ይደነግጣል። ከአንድ ጡረተኛ ላይ ለቁራጭ ብረት ሊሄድ የነበረ ጀልባ ገዝተው አሌክሳንድርያ ወንዝ ዳር አስረው ነበር። ነጭ፣ ሆዷ ክብ፣ አፍንጫዋ አጭር የሆነች ጀልባ ናት። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ "ጣውንቴ" ይሏት ነበር፤ ኮማንደር ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄዱ ሲያሿትና ሲቀቧት ስለሚውሉ። ቅርጿን አይተው "ይቺ ጀልባ ሳትሆን እንቁላል ናት" ያሉትም እሳቸው ናቸው። ኮማንደር አልተቀየሙም። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብለው በቀይ ቀለም በአማርኛ እንቁላል ብለው ጻፉባት።

የሽማግሌዎቹን ውርደት በሰሙ ማግስት ኮማንደር እኔንና ጋሽ ለማን ጠሩን። ጋሽ ለማ አሌክሳንድርያ ትንሽ ምግብ ቤት ያላቸው፣ ስድሳን ያለፉ፣ ወሬያቸውም ጉርሻቸውም የማያልቅ ሰው ናቸው። ኮማንደር ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው "ሰውየው በበቅሎ ሦስት ቀን ነው ያሉት?" አሉ። "ግዴለም። እኛ ከዚያ እንበልጣለን። ከዚህ ፖቶማክን እንወርዳለን፣ ቼሳፒክን እናቋርጣለን፣ ኖርፎክ ላይ ጀልባ ወደሚያሳልፈው ቦይ እንገባለን። ቦዩ ጫካውን ሰንጥቆ ሰውየው ከተማ ድረስ ያደርሰናል።" ሜሮን በዚያ ነበረች። "ጋሼ፣ ሲሪየስሊ? በጀልባ? ሬንታ ካር እኮ አለ" አለች። ኮማንደር ካርታውን እያጠፉ "ልጄ፣ በሬንታ ካር ተሞክሯል" አሏት።

የተነሣነው መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር ሰኞ ጠዋት ነው። ጋሽ ለማ ምግብ ቤታቸውን ዘግተው በሩ ላይ "ለሽምግልና ሄደናል" የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። ድርቆሽ በከረጢት፣ በሶ በቆርቆሮ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ አንዲት የጋዝ ምድጃ ጭነው ሲመጡ ጀልባዋ ዝቅ አለች። ሱፋችንን በላስቲክ ሸፍነን ጣሪያው ላይ ሰቀልን። ወይዘሮ አልማዝ ኪንግ ስትሪት ከወንዙ ከሚገናኝበት ቆመው እልልታቸውን ሲያቀልጡት፣ ጠዋት የሚሮጡት አሜሪካኖች ቆመው አጨበጨቡልን። ዳንኤል አብሮ አልመጣም፤ ሙሽራ ሽማግሌ አይከተልም። ገመዱን ፈትቶ ሲወረውርልኝ "ጋሽ ሰይፉ፣ አደራ" ብቻ አለኝ። 

እንቁላል እውነትም ስሟን የምትመስል ሆነች። ወንዝ ዳር ሶምሶማ የሚሮጡ አሮጊት ቀደሙንና እጃቸውን አወዛወዙልን። ሃያ ዓመት በመንገድ ላይ ከቀይ መብራት ጋር ስታገል ለኖርኩት ለእኔ ይህ መጀመሪያ ጭንቅ ነበር፤ እግሬ ነዳጅ መርገጫ ይፈልጋል። በሁለተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ከትከሻዬ ላይ ወረደ። ቢፐሩ ሞገድ የማይደርስበት ቦታ ደርሶ ዝም አለ። ወንዙ እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ ዳርና ዳሩ ሲጠፋ፣ ኮማንደር ባርኔጣቸውን ደፍተው "ለማ! ገመድ! ሰይፉ! ወደ ፊት ተመልከት!" እያሉ ያዝዙናል። ቼሳፒክ ላይ ማዕበል ሲነሣ ጋሽ ለማ ሆዳቸው ተገለባብጦ ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳሉ። ማዕበሉ ሲያልፍ ደግሞ "ጃንጥላው ትንሽ ቢሆንም ገብርኤል አይቀየመኝም" አሉ። ኖርፎክ ስንደርስ ሰማይ የሚያህሉት የጦር መርከቦች መልህቃቸውን ጥለው ቆመዋል። ኮማንደር ሞተሩን ቀነሱ። ብድግ ብለው ሱሪያቸውን አስተካክለው ሰላምታ ሰጡ። በዚያ ከፍታ ላይ ጉንዳን የምታህል አንድ መርከበኛ እጇን ወደ ግንባሯ አነሣችላቸው፤ ለወግ ይሁን ለቀልድ እንጃ። ኮማንደር መርከቦቹ እስኪሰወሩ ወደ ኋላ እያዩ ነዱ። እኔም ደስም አለኝ፣ አዘንኩም፤ ሻይ አፍልቼ ሰጠኋቸው።

ወደ ቦዩ መግቢያ ሎክ የሚሉት ነገር አለ። ጀልባውን ትልቅ ገንዳ መሰል ነገር ውስጥ አስገብተው ከኋላ በሩን ይዘጋሉ፤ ውሃ ይሞሉበታል፣ ጀልባው ከነሰዉ ከፍ ይላል፣ ከዚያ የፊቱን በር ይከፍታሉ። በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚከፈተው። እኛ ስንደርስ አንድ ባልና ሚስት ከእኛ ኋላ በሸራ ጀልባ መጡ። ኮማንደር በጨዋ ደንብ "ይለፉ" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሰውየውም የአሜሪካ ደቡብ ሰው ነውና "ኖ ሰር፣ አፍተር ዩ" አለ። "በጭራሽ አይሆንም" አሉ ኮማንደር። ጋሽ ለማም ከጀርባ "እንዴት ተደርጎ! ሴት ይዘዋል" እያሉ ያግዛሉ። ይህ ሁሉ ግብዣ ሲካሄድ የሎኩ ጠባቂ ሰዓቱን አየና በሩን ዘጋው። ሁለታችንም ውጭ ቀረን። እስኪከፈት ድረስ ባልና ሚስቱን ሽሮ አብልተናቸው ተለያየን። ከዚያ በኋላ ኮማንደር "በሎክ ላይ ይሉኝታ ክልክል ነው" የሚል ትእዛዝ አወጡ።

ቦዩ ውስጥ መግባት ግን! እንደ ገመድ የተወጠረ ቀጥ ያለ ውሃ፣ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ጎንበስ ብለው ከላይ ይነካካሉ። የውሃው መልክ ጠላ ነው። ጋሽ ለማ በኩባያ ቀድተው አሽትተው "ጌሾ ብቻ ነው የጎደለው" አሉ። ኤሊዎች ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ስናልፍ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ከዛፎቹ ማዶ አውራ መንገዱ ከቦዩ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ከባድ መኪኖች እየጮኹ ሲበሩ ይሰማናል፣ እኛ ግን ድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ሆነን በሌላ ዘመን እንጓዛለን። የውሃ ውስጥ ግንድ ከታች ጓ ሲያደርገን ኮማንደር "ጠላት!" ይላሉ። ካሴቴን ከፍ አድርጌ ከፍቼዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ያለ ዕረፍት አላስታውስም።

ዓርብ ቀትር ላይ አንድ ማረፊያ ደረስን። ይህ ማረፊያ መኪናም ጀልባም የሚያርፍበት ነው፤ ከፊቱ የመኪና ማቆሚያ፣ ከኋላው የጀልባ ማሰሪያ። አሰርንና ጋሽ ለማ የጾም ፍርፍር አቀረቡ። ገና እጃችንን ስንታጠብ፣ ከመኪና ማቆሚያው በኩል መነጽር ያደረጉ፣ ቀጠን ያሉ፣ የእኛው አገር ሰው ብቅ አሉ። ለሽንት ቤት ወርደው ኖሯል፤ ካሴቱን ሰምተው ነው የመጡት። ጀልባዋ ላይ የተጻፈውን አነበቡ፣ እኛን አዩ፣ ደግመው አነበቡ።

"እንቁላል?" አሉ።

"እንብላ!" አሉ ጋሽ ለማ። ስም ሳይጠይቁ፣ ከየት መጡ ሳይሉ እጃቸውን ይዘው አወረዷቸው። በዚያ ረግረግ መሃል አማርኛ የሚናገር ሰው ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጋሽ ለማ ራሳቸው አጎረሷቸው፤ ጉርሻው የሕፃን ራስ ያህል ነበር።

አንባቢዬ ሰውየው ማን እንደሆኑ ቀድሞ ገብቶታል። እኛ ግን አልገባንም። ከእኛ አንዳችንም አቶ በላቸውን በዓይን አይተን አናውቅም።

"ወዴት ነው እንዲህ?" አሉ እንግዳው ውጠው ሲጨርሱ።

ጋሽ ለማ ዘረገፉት። ልጁን፣ ልጅቷን፣ ፒዛውን፣ በቅሎውን፣ አንድም ሳያስቀሩ። "አባትየው በላቸው የሚባል ግትር ሰው ነው ይላሉ። ደረቅ! ሰው በዚህ ዘመን በቅሎ ይቆጥራል? ይኸው እሱ ባመጣው ጣጣ ሆዴ ባሕር ላይ ተገልብጦ ቀረ" አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እንግዳው ማኘካቸውን አቆሙ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ቀጠሉ።

"እምቢ ካለስ?" አሉ።

"እንመለሳለን" አሉ ኮማንደር።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ደግመን እንመጣለን። በጀልባ። የዓመት ፈቃዴ ገና አላለቀም።"

"ለምን ይመስላችኋል እምቢ የሚለው?"

ጋሽ ለማ "ኩራት!" ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ኮማንደር ቀደሟቸው። "ኩራት አይመስለኝም" አሉ፣ ዓይናቸውን ውሃው ላይ ተክለው። "የእኔ ሁለት ሴቶች ልጆች ከመጀመሪያ ሚስቴ ጋር ምጽዋ ቀርተው፣ እኔ ሳላያቸው አደጉ። አገቡም አሉ፤ ሽማግሌ የመጣው ወደ ሌላ ሰው ነው። ይሄ አባት ግን ልጁን በእጁ አሳድጓታል። እኔ በሱ ቦታ ብሆን በጀልባ አይደለም በአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ብትመጡም አልሰጥም ነበር።" ይህን ከአንደበታቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። 

እንግዳው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ጋሽ ለማ ወሬ ለማስቀየር "ለመሆኑ ስምዎ ማን ይባላል?" አሏቸው። ትንሽ አሰቡና "ወልደ ሰንበት በሉኝ" አሉ። በኋላ እንዳወቅነው የክርስትና ስማቸው ነው፤ አልዋሹንም። ከዚያ ያልጠበቅነውን ጠየቁ። "እስከሚቀጥለው ሎክ ድረስ ብትወስዱኝ? መኪናዬ እዚህ ይቆይ፤ የሚመልሰኝ ሰው አላጣም።"

ወሰድናቸው። አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ መንገድ ነው። ኮማንደር መሪውን ሰጧቸው፤ እሳቸው ለማንም ሰው መሪ ሰጥተው አያውቁም። ሰውየው እንደ ቄስ ቀጥ ብለው ቆመው ነዱ። አንድ ጊዜ ብቻ "ይህን ቦይ እኮ ባሮች ናቸው በአካፋ የቆፈሩት" አሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ "ከዚህ ቀስ ማለት ትችላለች?" ብለው ጠየቁ። "ከዚህ ቀስ ካለችማ ቆማለች" አሉ ኮማንደር። ሎኩ ጋ ስንደርስ ጠባቂው ከላይ ሆኖ "ሃይ፣ ፕሮፌሰር!" ብሎ ጮኸ። ጋሽ ለማ "አያችሁ፣ እዚህም የእኛ ሰው ፕሮፌሰር ሆኗል" ብለው ኮሩ። እኔ ግን ያን ጊዜ የሜሮን አባት የኮሌጅ አስተማሪ መሆናቸው ትዝ አለኝ። ሰውየው ወርደው ገንዳው ጫፍ ላይ ቆሙ። ይህኛው ሎክ ደግሞ የሚያወርድ ነው፤ ውሃው ሲፈስ እኛ ዝቅ ዝቅ እያልን፣ እሳቸው ከላይ እየራቁ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ቀሩ። "ኮማንደር" አልኩ፣ "ፕሮፌሰር አለ እኮ ሰውየው።" ኮማንደር ቀና ብለው አዩ፣ ከዚያ ጋሽ ለማን አዩ። ጋሽ ለማ ቀስ ብለው በሶው ቆርቆሮ ላይ ተቀመጡ።

በማግስቱ ኤልዛቤት ሲቲ ደርሰን ሱፋችንን ለበስን፣ ጋቢያችንን ደረብን። ጋሽ ለማ "እኔ ሆዴን አሞኛል፣ ጀልባዋን ልጠብቅ" ብለው ነበር፤ ኮማንደር "በጦር ሜዳ መታመም የለም" ብለው አስነሷቸው። በእግራችን ሄደን በሩን አንኳኳን። የከፈቱልን እሳቸው ናቸው፤ ወልደ ሰንበት። ሳቅ የሚባል ፊታቸው ላይ የለም።

"ተቀመጡ" አሉ።

በወጋችን ሽማግሌ ልጅቷ ተሰጠችህ ሳይባል አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። ኮማንደር "አንቀመጥም። በእግራችን ቆመን የምንጠይቀው ጉዳይ አለን" አሉ።

"እንግዲያው ቁሙ። በምን መጣችሁ?" አሉ፣ አይተውን እንደማያውቁ ሁሉ።

"በጀልባ።"

"መንገዱ እንዴት ነበር?"

ኮማንደርና ጋሽ ለማ እኔን አዩ። ይህን ጊዜ እኔ ደፈር ብዬ "ጥሩ ነበር። መሃል ላይ አንድ ደግ ሰው አግኝተን አብረን በላን" አልኩ።

"ስለዚያ ሰው ምን ትላላችሁ?" ብለው ዓይናቸውን ጋሽ ለማ ላይ ጣሉ።

ጋሽ ለማ ላባቸው በጋቢው ላይ እየወረደ፣ "ጌታዬ" አሉ፣ "ጉርሻ ያውቃል።"

አቶ በላቸው መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቁ ገንፍሎ ወጣ፤ ግድግዳ ተደግፈው፣ መነጽራቸው እየወደቀ ሣቁ። ሣቁን ሲጨርሱ ዓይናቸው ርሶ ነበር። ኮማንደርን ብዙ አዩአቸው። "እምቢ ብል በእውነት ደግማችሁ ልትመጡ?" አሉ።

"በጀልባ" አሉ ኮማንደር።

"ተቀመጡ" አሉ አቶ በላቸው፣ በሌላ ድምፅ። "ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።"

ተቀመጥን። ጋሽ ለማ ሶፋው ላይ ወደቁ ማለት ይሻላል። ምሳ ሲቀርብ አቶ በላቸው እጃቸውን ታጥበው፣ እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼ የማላውቀውን የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው፣ "ብድር በምድር" ብለው ጋሽ ለማ አፍ ውስጥ ከተቱት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሽ ለማ ለብዙ ደቂቃ መናገር አቃታቸው።

ሠርጉ ሲልቨር ስፕሪንግ ተደረገ። ሶልያና ስትወለድ አቶ በላቸው ለክርስትናዋ መጡ፣ ከእኔ ጎን ተቀመጡ። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አልኳቸው። "ያን ዕለት በልተው መሄድ ሲችሉ ለምን ጀልባዋ ላይ ተሳፈሩ?" ሕፃኗን አቅፈው ነበር። "እሺ ማለቴንማ ጉርሻው ላይ አውቄዋለሁ" አሉኝ። "ግን ከዚያ ጀልባ ስወርድ ልጄ የሰው ልትሆን ነው። ትንሽ ይቆይልኝ ብዬ ነው። የእናንተ እንቁላል ደግሞ አትቸኩልም ነበር።" ይህን ብለው ሕፃኗን ወደ ደረታቸው አስጠጓት።

ጋሽ ለማ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማርና ምግብ ቤታቸው ዛሬ የስልክ መሸጫ ሆኗል። አቶ በላቸውም ካረፉ ቆዩ። ኮማንደር ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በዊልቸር ሆነው ነርሶቹን "ቀኝ! ቀኝ!" ይላሉ። ሴቶች ልጆቻቸውን በስተርጅና አግኝተዋቸዋል፤ በየሳምንቱ በቪዲዮ ያወራሉ፣ ወይዘሮ አልማዝ ስልኩን ይይዙላቸዋል።

ቅዳሜ ጋቢዬን ለብሼ ዳንኤል ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ሶልያና ናት። "ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ዳዲን ቶክ አድርጉልኝ። ቶታሊ ፍሪክ አውት እያደረገ ነው፤ በጣም ጨንቆታል" አለችኝ። ሜሮን ወጥ ቤት ሆና ትሥቃለች። ዳንኤል ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ጋ ቆሟል፤ ስልኩ እጁ ላይ አለ። "ሽማግሌዎቹ ከሎረል ተነሥተዋል፤ ያሉበትን በስልክ ልከውልኛል" አለኝ። "ካርታው ሃያ ስምንት ደቂቃ ይላል። አሁን ሃያ ሁለት አለ። ሀይዌዩ ባዶ ነው መሰለኝ።" አጠገቡ ቆምኩ። ሶልያናን የሚጠይቃት ልጅ ጥሩ ልጅ እንደሆነ፣ ቤተሰቡን እንደምናውቅ፣ ሁሉንም እሱም ያውቀዋል።  እያየነው ስልኩ ላይ ያለችው ሰማያዊ ነጥብ ትገሰግሳለች።

"ጋሽ ሰይፉ" አለ ቀስ ብሎ፣ ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ።

"አቤት ልጄ።"

"ያቺ ጀልባ... አሁንም አለች እንዴ?"

"የለችም" አልኩት፣ ትከሻውን ይዤ። "አንተ ግን አለህ። ቤቱ ያንተ ነው፤ ተቀመጡ የምትለውም አንተ ነህ።"

በሩ ተደወለ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሱፋቸው ተተኩሶ፣ ጫማቸው እያብረቀረቀ ገብተው ተደርድረው ቆሙ። ትልቁ አርባ አይሞላውም፤ ሽበቱ ግን ያምራል። ጉዳያቸውን በሥርዓት ተናገሩና ጨረሱ። ዳንኤል አያቸው፣ በበሩ ስንጥቅ የምታየውን ልጁን አየ፣ ወለሉን አየ። ተቀመጡ ሳይል ብዙ ቆየ። እሺ እንደሚል ብናውቅም ማናችንም አላቸኮልነውም።